«ነገር ግን» ብሎ የሚጀምረው ደብተር

ጋሽ ፈይሳ መሞታቸውን የሰማሁት ከንጋቱ አፍ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ቂም ብይዝበት አይፈረድብኝም።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ የጽሕፈት መኪናዬን ሽፋን ገና እየገፈፍኩ ነበር። ንጋቱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያኔ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ሆኗል፤ ካኪ ዩኒፎርሙ ሆዱ ላይ ጠቦታል። «ጓድ ጥሩወርቅ፣ መምህር ፈይሳ ትናንት አርሲ ነገሌ አርፏል። የሕይወት ታሪኩን አዘጋጅቻለሁ። ቶሎ ምቺውና አብረን እንሄዳለን፤ ቀብሩ ላይ እኔ አነበዋለሁ» አለኝ። ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። የስብሰባ ሰዓት የሚናገር እንጂ ሰው ሞተ ብሎ የሚያረዳ አይመስልም ነበር።

የመጀመሪያው መስመር «መምህር ፈይሳ የቅርብ የትግል ጓዴ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ እግሩ ተጎድቶ» የሚል አለ። ስለ ስምንት ወሩ እስራት አንዲት ፊደል የለችም። መታሁት። የተሰጠኝን የምመታ ሴት ነኝ፤ ጣቶቼና ልቤ ከተለያዩ ቆይተዋል። ስጨርስ የታችኛውን መሳቢያ ከፈትኩና ከካርቦን ወረቀቶቹ ሥር ሦስት ዓመት የደበቅሁትን ሰማያዊ ደብተር አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ይህን የምጽፈው ለበቀል ነው፤ አንባቢ ከአሁኑ ይወቅልኝ። ጋሽ ፈይሳን በአንቱታ፣ ንጋቱን ግን «አለ፣ ሄደ» እያልኩ የማነሣው ተሳስቼ አይደለም። በዘመኑ ቁጭ ብድግ እያልኩ «ጓድ ንጋቱ፣ እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ። ወረቀት ላይ ግን አለቃዬ አይደለም።

ጋሽ ፈይሳ ናዝሬት ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው የሙያ ትምህርት ቤት፣ ፊዚክስና የብረታ ብረት ትምህርት ያስተምሩ ነበር። አጠር ያሉ፣ ግንባረ ሰፊ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ነበሩ። ግራጫ የወርክሾፕ ጋዋናቸው ኪሶች ሲራመዱ ይንኳኳሉ፤ የኩሽኔታ ጥይት፣ የተሰበረ ቡሎን፣ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አይጠፋባቸውም። ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አካም ቡልቴ፣ ጥሩዬ?» ይሉኛል። «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ እላቸዋለሁ። ከኦሮምኛዬ ከዚያ የሚያልፍ ብዙም አልነበረኝም፤ እሳቸው ግን ሁልጊዜ እንደ ትልቅ ነገር ይደሰቱልኛል። እያወሩኝ አንድ አግራፍ ከጠረጴዛዬ ያነሡና ያጥፉታል፣ ያቃኑታል፣ መልሰው ያጥፉታል። ቢሮዬ ውስጥ ያልተጣመመ አግራፍ አልነበረም።

አባታቸው አርሲ ነገሌ ገበያ ዳር ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰው ማረሻውን ይወስዳል፣ እጃቸውን ግን አይጨብጥም። ጋሽ ፈይሳ ይህን ሲያወሩ ምሬት አልነበራቸውም፤ እኔ ነበርኩ የምበግነው። ጎልማሳ ሆነው መጀመሪያ የተቀጠሩት ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ነው። የዚያ ሥራ ነገር እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

«ባላገሩ በኦሮምኛ እውነቱን ይናገራል። ዳኛው በአማርኛ ሕጉን ይናገራል። ሁለቱም አልዋሹም። እኔ መሃል ላይ ሆኜ አንዲት ቃል ከዘለልኩ ግን ሰውየው ይታሰራል» ይሉኝ ነበር።

ፊዚክሱንም የሚያዩት እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተደግፈው እንዲህ አስረዱኝ፤ «አንደኛው ሊቅ ‹ብረት ማለት በመደዳ ተሰልፈው የተያያዙ አቶሞች ናቸው› ይልሻል። ሌላው ሊቅ፣ መሐንዲሱ፣ አቶም ትዝም አይለው። ብረቱን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሊጥ ያደርገውና ‹ይህን ያህል ብትጭኚበት ይህን ያህል ይጎብጣል› ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን አይደማመጡም።»

«እርስዎ ሊያስማሟቸው ነው?» አልኳቸው።

«ላስተረጉምላቸው ነው እንጂ። ማስማማቱን ብረቱ ራሱ ያውቅበታል» አሉና ሳቁ።

ትርጉሙን የሚጽፉት በሁለት ሰማያዊ ደብተሮች ላይ ነበር። በያጅና ቀጥቃጭ የሚሆኑ ተማሪዎቻቸው ያለ እንግሊዝኛ እንዲያነቡት በአማርኛ ነው የሚጽፉት። የመጀመሪያው ደብተር አቶሞቹን አንድ በአንድ ደርድሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አንዱ ንጣፍ አቶም በሌላው ንጣፍ ላይ ባንዴ ሙልጭ ብሎ እንዲንሸራተት ስንት ጉልበት ይፈጃል? መልሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ተከቧል። በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። እንደዚያ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ጣት የማታክል ዘንግ መኪና ታንጠለጥል ነበር። ሁለተኛው ደብተር «ነገር ግን» ብሎ ይጀምራል። እውነተኛ ብረት የዚያን ጉልበት አንድ መቶኛ እንኳ ለምን እንደማያገኝ የሚናገረው እሱ ነው።

ምክንያቱን በበቆሎ አሳይተውኛል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዳር የተጠበሰ በቆሎ ሲገዙ ሻጯን ያማርሯታል፤ አንዱን ያነሣሉ፣ ያዟዙራሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌላ ያነሣሉ። ጥሬው በመደዳ በመደዳ ተሰልፎ ሄዶ አንዱ መደዳ መሃል ላይ ቁርጥ የሚልበትን በቆሎ ነው የሚፈልጉት። ሲያገኙት ፊታቸው ይበራል። «አየሽ? እዚህ ጋ አንድ ሰልፍ ጠፋ። ጎረቤቶቹ ቦታውን ለመሙላት ይጋፋሉ። ብረትም ውስጡ እንዲህ ነው፤ ድካሙ የሚጀምረው እዚህች ነጥብ ላይ ነው።» መልካሳ እርሻ ምርምር ያለ ወዳጃቸው አንድ ጊዜ ለዘር የተመረጠ፣ መደዳው ቀጥ ያለ በቆሎ ቢልክላቸው ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸውን አልጠቀማቸውም።

አሁን ወደ ንጋቱ ልምጣ። ያኔ ምክትል ዲሬክተርና የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይደረድራል፤ በአንዱም ደህና ነገር ጽፎ አያውቅም። አንድ ስቴንስል፣ የማባዣ ሰም ወረቀት፣ ስለቀደድኩ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስቁሞ ግለ ሂስ አስደርጎኛል። «ንብረት አባካኝ ንዑስ ከበርቴ ባሕርይ አለብኝ» ብዬ እንድናገር አደረገኝ። ተናገርኩ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ጋሽ ፈይሳ ብቻ ናቸው ተነሥተው ያሳለፉኝ።

ጋሽ ፈይሳ የመጀመሪያውን ደብተር ተመትቶ እንዲባዛ ሲያመጡልኝ የምክትሉ ማኅተም ያስፈልግ ነበር። ንጋቱ «ልየው» ብሎ ወሰደው። ሁለት ሳምንት ቆየ። በዚህ መሃል ነው የምንጣፉ ነገር የመጣው።

ፓርቲው ሊመሠረት ሲል ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ለንጋቱ ቢሮ ትልቅ ቀይ ምንጣፍ መጣ። ሲነጠፍ ጠመመ። አንድ ክንድ ያህል ወደ ግድግዳው መጠጋት ነበረበት። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ ምንጣፉ ወይ ፍንክች። ንጋቱ «በአንድነት! በአንድነት!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ ፈይሳ በአጋጣሚ በበሩ ሲያልፉ አዩና ገቡ። ከአንዱ ጫፍ ምንጣፉን ትንሽ ሳብ አድርገው እጥፋት አበጁለት፤ እጥፋቷን በእግራቸው እየገፉ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄዱ። እጥፋቷ ስትወጣ ምንጣፉ ቀረብ ብሏል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙትና ልክ ገባ።

«ብረትም የሚንሸራተተው እንዲህ ነው» አሉ፤ ለማስተማር እንጂ ለማሳፈር አልነበረም። «ባንዴ አይሄድም። እጥፋት ነው የሚያልፍበት። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጉልበት የማይፈጀው።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የንጋቱ ጆሮ ሲቀላ አየሁት። በማግስቱ «መምህራን ያለ ቀጠሮ ወደ አስተዳደር ቢሮ እንዳይገቡ» የሚል ማስታወቂያ አስመታኝ። ለአንድ ሰው የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር።

ከዚያ ደብተሩን መለሰልኝ። «ይህን በስቴንስል ምቺው» አለ። ሽፋኑ ላይ የጋሽ ፈይሳ ስም ተሰርዞ የራሱ ገብቷል። ርእሱንም «የመጠን ለውጥ ወደ ዓይነት ለውጥ፤ ከአቶም እስከ ምሰሶ» ብሎታል። ውስጡን አንዲት ቃል አልነካም፤ ለመንካትስ መቼ ገብቶት። እኔ መታሁት። የሌባውን ስም በገዛ ጣቶቼ ሽፋኑ ላይ አተምኩ። ጋሽ ፈይሳ ቅጂውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይተው መጡና «ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጥቶልሻል፣ ጥሩዬ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ንጋቱ በውይይት ክበብ ጽሑፉን አነበበ። ብዙ ትናንሽ አቶም ሲደመር ድንገት ጠንካራ ምሰሶ ይሆናል፣ ብዙኃኑም ሲደራጅ እንዲሁ ነው እያለ በቀይ የተከበበውን ቁጥር ጮክ ብሎ ሲያነብ ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ጋሽ ፈይሳ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ይህ ገና ግማሹ ነው፤ ቀሪው...» አሉ።

«ጥያቄ ያለው ጓድ በጽሑፍ ያቅርብ» ብሎ ቆረጣቸው።

ጭብጨባ የለመደ ሰው አያርፍም። ንጋቱ ለበላዮቹ ብረት የሚቆጥብ የሞተር ማንሻ እናሠራለን ብሎ ቃል ገባ። ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በእኛ ስሌት ከአንድ አሥረኛው ያነሰ ይበቃል አለ። በቀይ የተከበበውን ቁጥር ወስዶ የማንሻውን ዘንግ ውፍረት በዚያ አስወሰነ። ወርክሾፑ ሠራው። በያጆቹ ዘንጉን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱም አፉን አይከፍትም። ባዶ በርሜል ሰቅለው ሞከሩት፣ ቻለ። የምርት ትርኢቱ ቀን ግን የትራክተር ሞተር ሊሰቀልበት ነው።

ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ፈይሳ ሁለተኛውን ደብተር ይዘው መጡ። ማስታወቂያውን አክብረው ከበሩ ውጭ ቆሙ። «በጽሑፍ አቅርብ ብሎኝ የለ፤ ይኸው። ግን ከእኔ እጅ አይቀበለውም» አሉኝ። «ከሚፈርምባቸው ወረቀቶች መሃል አስገቢለት። ራሱ ያገኘው ይምሰለው። ዛሬውኑ ይድረሰው፣ አደራሽን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሲሄዱ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር። «ጓድ ንጋቱ፣ የመጀመሪያው ደብተር ብቻውን አደገኛ ነው። በቀይ የተከበበው ቁጥር የእውነተኛ ብረት ጉልበት አይደለም። ዘንጉ ይበጠሳል፣ ሰው ይጎዳል። እባክዎን ይህን ያንብቡና ያስቀይሩት። ይህኛውም በእርስዎ ስም ቢወጣ ቅር አይለኝም። ፈይሳ።»

ደሜ የፈላው በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ነው። ግማሹን ለሰረቀ ሰው ቀሪውን ግማሽ ተሸክመው መጡለት! ይህን ካደረስኩለት ንጋቱ ዘንጉን ያስቀይራል፣ ማንሻው ይሠራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሾማል። «ነገር ግን» የምትለዋንም ቃል ይወስዳታል አልኩና ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዘንጉ ይጎብጣል፣ እንግዶቹ ይስቁበታል፣ እንደ እኔ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። «ሰው ይጎዳል» የሚለውን አላየሁም አልልም። አይቼዋለሁ። ዘልዬው ነው ያለፍኩት።

በትርኢቱ ቀን እንግዶቹ ከማንሻው ፊት ለፊት፣ የፊተኛው ረድፍ ከሥሩ ሊገባ እስኪል ተጠግተው፣ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ንጋቱ በድምፅ ማጉያ ያስረዳል። የትራክተሩ ሞተር ቀስ እያለ ከመሬት ተነሣ። እኔ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ቆሜ ዘንጉን ብቻ ነው የማየው። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ተደስቼ አላውቅም፤ ይህንም አፍሬ አልደብቀውም።

ጋሽ ፈይሳ ከተማሪዎቹ መሃል ነበሩ። ዘንጉ አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ሲቀጥን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «በኣ! ውጡ! ከሥሩ ውጡ!» እያሉ ሮጡ። የፊተኛውን ረድፍ እንግዶች ከነወንበራቸው ገፍትረው ጣሏቸው። ዘንጉ ተበጠሰ። ሞተሩ ወርዶ ባዶ ወንበሮቹን አደቀቀ፤ ወደ ጎን ሲንከባለል የጋሽ ፈይሳን ግራ እግር ከጉልበታቸው በታች ያዘው። ጩኸታቸው አሁንም ይሰማኛል። እንግዶቹ አንዳቸውም አልተጎዱም።

ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ነው የያዟቸው። የንጋቱ አስተሳሰብ ቀላል ነበር፤ ዘንጉ ሳይበጠስ ጮኸ፣ ስለዚህ እንደሚበጠስ ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ያበላሸው እሱ ነው። «አሻጥር» ተባለ። ሰው ያዳነች ጩኸት ማስረጃ ሆና ቀረበችባቸው። የሳቸውን እውነት ሊናገር የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለምስክርነት ተጠራሁ። መርማሪው ቀና ብሎም አላየኝም። «ተከሳሹ ከትርኢቱ በፊት ስለ ማሽኑ የተናገረው ወይም የጻፈው ነገር አለ?» አለኝ።

ደብተሩ ያን ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይዤው የሄድኩት ልሰጥ ነው። ነገር ግን ከሰጠሁ ሦስት ቀን ሙሉ የት ነበር እንደሚለኝ ገባኝ። አሻጥረኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር ገፋ አደረግሁት። «አላውቅም» አልኩ።

ስምንት ወር አሰሯቸው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከአርሲ ነገሌ ስንቅ እያመላለሱ በየሳምንቱ ቢሮዬ እየገቡ ውኃ ይጠጡ ነበር። «አንቺ ለሱ ደግ ነሽ፣ ሁሌ ያነሣሻል» ይሉኛል። እኔም ብርጭቆውን እየሞላሁ ንጋቱን እረግማለሁ። ንጋቱን መርገም በጣም ይቀለኝ ነበር።

ሲፈቱ ማስተማር ተከልክለው ነበር። መሸኛ ደብዳቤ ሊያስመቱ በምርኩዝ መጡ። ከስተዋል፤ ሳላቸው ደረታቸው ውስጥ ይሰነጥቃል። ደብዳቤውን እየመታሁ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከኪሳቸው የመዳብ ሽቦ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«እጠፊው» አሉኝ። አጠፍኩት። «አሁን አቃኚው።» አቃናሁት። «አሁን እዚያው ቦታ ላይ መልሰሽ እጠፊው።»

ሞከርኩ። የታጠፈበት ቦታ እምቢ አለኝ፤ ሽቦው ከዚያ አጠገብ ነው የታጠፈው።

«የተጎዳው ቦታ ጠነከረ» አሉ። «የሚታጠፈው ጎረቤቱ ነው።» ሽቦውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። «ያ ደብተር አንቺ ጋ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደግ። አይጥፋብሽ።»

ለምን አላደረስሽም አላሉኝም። ያኔም ሆነ በኋላ አልጠየቁኝም። ደብዳቤያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ቀብራቸው ዕለት ከንጋቱ ጋር በላንድሮቨር ሄድን። እሱ ከፊት ተቀምጦ እስከ ዝዋይ ያንን ወረቀት ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ተለማመደ። ላንጋኖን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰደው። ቦርሳዬን እቅፍ አድርጌ ማጅራቱን እያየሁ ሄድኩ። ምን እንደማደርግ ቆርጬ ነበር። ለሦስት ዓመት «ፈይሳ ሆን ብሎ ወጥመድ ዘረጋብኝ» እያለ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ለራሱም የሚነግረው እሱን ነው። እንቅልፍ የሚያስተኛው እሱ ነው። ያንን ልወስድበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣብኝ ይምጣ ብያለሁ።

አርሲ ነገሌ ድንኳኑ ሞልቶ ጠበቀን። በኦሮምኛም በአማርኛም ይለቀሳል። ሬሳው ሊወጣ ሲል ንጋቱ ለማንበብ ተነሥቶ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ወደ ጎን ጠራሁትና ደብተሩን እጁ ላይ አኖርኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ሁለተኛው ደብተር ነው። ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ለአንተ ብለው የሰጡኝ።»

አንተ ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሰማኝም አልመሰለኝ፤ ዓይኑ ማስታወሻው ላይ ነበር። አነበበው። መልሶ አነበበው። ከንፈሩ «ቅር አይለኝም» የምትለው ጋ ሲደርስ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ፊት ነው፤ ጠግቤ አየሁት።

«ወጥመድ መስሎኝ ነበር» አለ። «እኔ... ወጥመድ መስሎኝ ነው እኮ ያሳሰርኩት።»

«አልነበረም።»

«ማን ያዘብኝ?»

«እኔ።»

ሊያስይዘኝ ይችል ነበር። ሁለት ታጣቂዎች ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመዋል፤ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ጠበቅሁት። እሱ ግን ደብተሩን ዘግቶ ወደ ሬሳ ሣጥኑ አየ።

«ለምን?» አለኝ።

«ሰው ሁሉ እያየህ እንድትዋረድ።»

«እሺ፣ እኔ በድዬሻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ ግን ምን አድርጎሽ ነበር?»

አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መሃል ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ይጠሩኝ ነበር። ወደ እሳቸው አልሄድኩም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የጠየቀኝ ግን ንጋቱ ነው።